ሕፃናትን በሚረዳ የበጎ ፈቃድ ክበብ አባል መሆን፦ ለጎጃም ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በዳንግላም ሆነ በሞጣ ሕፃናትን ለመርዳት የተሰባሰቡ ሰዎችን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። አንዳንዶቹ ስብስቦች በሥራ ባልደረቦች መካከል የተጀመሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹን በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው አቋቁመዋቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከትልልቅ አገር አቀፍ ወይም ዓለም አቀፍ ማኅበራት ጋር የተያያዙ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ከእነዚህ መካከል የትኛው ከወር ወር፣ ከዓመት ዓመት ወደ እነዚያው ልጆች እንደሚመለስ መለየት ነው። በመስከረም ደብተር አከፋፍሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ እስከሚቀጥለው መስከረም ድምፁ የማይሰማ ስብስብ ለልጁ የሚተውለት ነገር ጥቂት ነው፤ አባሉም ቢሆን ብዙም ሳይቆይ ይሰላቻል።

ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ያለውን ሂደት ይሸፍናል። አንዳንዱ ደረጃ በአንድ ቀን የሚያልቅ ስለሆነ በአጭሩ ታልፏል፤ የሰነድ ምርመራው፣ የሕፃናት ደኅንነትና የመጀመሪያው ሥራ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው በመሆናቸው በስፋት ተጽፈዋል።

1. ምን መስጠት እንደሚችሉ አስቀድመው ይወስኑ

ወደ ክበብ ለመግባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው ኪሱን ነው፤ መቁጠር ያለበት ግን ጊዜውን ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳያቋርጥ የሚገኝ አባል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ሰጥቶ ከሚጠፋ አባል ይልቅ ለክበቡ ይጠቅማል። ስለዚህ የራስዎን ሥራ ዓመታዊ ዑደት ይመልከቱ። መምህር ከሆኑ የመንፈቀ ዓመቱና የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናዎች የሚሰጡባቸውን ሳምንታት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑ በጀት የሚዘጋበትን ሰኔንና የሐምሌን መጀመሪያ፣ የእርሻ ሥራ ካለዎት ወይም እህል የሚነግዱ ከሆነ ደግሞ አጨዳውና ውቂያው የሚካሄድባቸውን ከኅዳር እስከ ጥር ያሉትን ወራት ለይተው ያስቀምጡ። በእነዚህ ጊዜያት እንደማይገኙ አስቀድመው የሚናገሩ ከሆነ ክበቡ ተተኪ ያዘጋጃል፤ ሳይናገሩ ከቀሩ ግን ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል።

ችሎታዎንም ይለዩ። ክበቦች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት ርኅሩኅ ሰው አጥተው አይደለም። የሚቸገሩት ደረሰኝ በሥርዓት የሚያስቀምጥ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የሚያስጠና፣ የተቀደደ የደንብ ልብስ በስፌት መኪና የሚጠግን፣ ከወላጆች ጋር ሳይቆጣና ሳይመጻደቅ የሚነጋገር ሰው በማጣት ነው። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በአካባቢዋ፣ በአገውኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች ስላሉ አገውኛ የሚናገር አባል እጅግ ይፈለጋል።

2. የስብስቦቹን ዓይነት ይለዩ

የዓለም አቀፍ የአገልግሎት ክለቦች ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሮታሪ በ1905 በቺካጎ፣ ኪዋኒስ በ1915 በዲትሮይት፣ ላየንስ በ1917 በቺካጎ ተመሠረቱ፤ ሦስቱም የተነሡት ከነጋዴዎችና ከባለሙያዎች መካከል ነው። ሮታሪ ከ1985 ጀምሮ በያዘው ፖሊዮን የማጥፋት ዘመቻ፣ ላየንስ በዓይን ጤና፣ ኪዋኒስ ደግሞ በሕፃናት ላይ በማተኮሩ ይታወቃሉ። ኪዋኒስ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋር ሆኖ በ1990ዎቹ እንቅርት የሚያመጣውን የአዮዲን እጥረት ለመከላከል ገንዘብ አሰባስቧል፤ በጎጃም ደጋ እንቅርት የወጣባቸውን እናቶች ያየ ሰው ይህ ሥራ ስለ ምን እንደተመረጠ ማስረዳት አያስፈልገውም። በእነዚህ ክለቦች ልማድ አዲስ ሰው የሚገባው በነባር አባል አቅራቢነት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መፈለግ ያለብዎት ቢሮ ሳይሆን አባል የሆነ ሰው ነው። ከአካባቢው መዋጮ በተጨማሪ ለዓለም አቀፉ ማዕከል የሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ ስላለ ወጪው ከአገር በቀል ክበብ ከፍ ይላል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ለሆኑ ተማሪዎች የሮታሪ ኢንተራክት፣ ከ18 በላይ ለሆኑ ወጣቶች ሮታራክት፣ በላየንስ በኩል ደግሞ ሊዮ የሚባሉ የወጣት ክለቦች አሉ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው። ሥራው ለሕፃናት ብቻ የተወሰነ ባይሆንም፣ በማኅበሩ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ከልጆች ጋር ለሚውል ማንኛውም ሰው ስለሚያስፈልግ፣ በሌላ ክበብ ለመሥራት ያሰቡም ቢሆኑ ይህን ሥልጠና ቢወስዱ መልካም ነው።

በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ የሚካሄደው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ከሁሉም ቀላሉ መግቢያ ነው። ምዝገባው በቀበሌ ወይም በወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይከናወናል፤ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና፣ ችግኝ ተከላና ደም ልገሳ የተለመዱት ሥራዎች ናቸው። ሕፃናትን ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ መካከል የማጠናከሪያ ትምህርቱን ቢመርጥ፣ በሁለት ወር ውስጥ ይህ ሥራ ይስማማው እንደሆነ ያውቃል። ጉድለቱ መስከረም ሲጠባ መበተኑ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የጽዋ ማኅበራትና የመስጊድ ጀማዓዎችም ወላጅ ያጡ ልጆችን ይረዳሉ፤ በእነዚህ ውስጥ አባልነቱ ከምእመንነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ መንገዱ በየሃይማኖቱ ይታወቃል። የቀረው ትልቁ ክፍል አገር በቀሉ ክበብ ነው፤ ይህም መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በየወሩ እያዋጡ የሚያቆሙት ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች በዋናነት የተጻፉት ይህን ክበብ በማሰብ ነው።

3. ክበቡን ያፈላልጉ

በፌስቡክና በቴሌግራም ጮክ ብሎ የሚታየው ክበብ በሥራ የሚታየው ላይሆን ስለሚችል፣ ልጆቹን በየቀኑ ከሚያዩ ሰዎች መጀመር ይሻላል። ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወይም ወደ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ሄደው «ባለፈው ዓመት ተማሪዎቻችሁን የረዳው ማነው? ዘንድሮስ ተመልሶ መጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ቀጥሎ የወረዳውን ወይም የከተማውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በአካባቢው የሚንቀሳቀሱትን ማኅበራት ማወቅ ከሥራው አንዱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእድር ዳኞችና በየቀበሌው ያለው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት አባላትም የትኛው ቤት በማን እንደሚደገፍ ያውቃሉ። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ከሆነ በተማሪዎች አገልግሎት በኩል የተማሪ በጎ አድራጎት ክበባትን ማግኘት ይችላሉ።

4. ሰነዶቹንና ሒሳቡን ይመርምሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ለበጎ ሥራ የተሰባሰቡትን ሰዎች ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስለዋልና። ነገር ግን ቀና የሆነ ክበብ ሲጠየቅ ይደሰታል እንጂ አይቀየምም። ጥያቄውን በትሕትና፣ በተለይም ለጸሐፊው ወይም ለገንዘብ ያዡ ለብቻ ቢያቀርቡ ማንንም አያሳፍሩም።

መጀመሪያ የሕጋዊነቱ ጉዳይ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለሕጋዊ ዓላማ የመደራጀት መብት አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶችን፣ የውጭ ድርጅቶችንና የመሳሰሉትን ይመለከታል፤ በአማራ ክልል ብቻ የሚንቀሳቀስ ክበብ የሚመዘገበው ክልሉ ሥልጣን በሰጠው አካል ነው። እድርና እቁብ ከዚህ አዋጅ ወሰን ውጭ ናቸው። በዚህ ምክንያት የተመዘገበበትን የምስክር ወረቀት የማያሳይ ስብስብ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም፤ ዐሥር መምህራን በእድራቸው ወይም በትምህርት ቤታቸው ሥር ሆነው፣ ከራሳቸው ደመወዝ ብቻ እያዋጡ የሚሠሩ ከሆነ ያ በእኔ ዕይታ ንጹሕ ሥራ ነው። ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰበ ያልተመዘገበ፣ ወይም መዋጮውን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ የሚቀበል ስብስብ ሲያጋጥምዎ ግን ወደ ኋላ ይመለሱ።

ከምዝገባው ቀጥሎ የመተዳደሪያ ደንቡን ይጠይቁ። በደንቡ ውስጥ አባል እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰበሰብ፣ ሊቀመንበሩ ለስንት ዓመት እንደሚመረጥ፣ ክበቡ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ መጻፉን ይመልከቱ። መሥራቹ ለዓመታት ሊቀመንበር፣ ባለቤቱ ገንዘብ ያዥ፣ ወንድሙ ኦዲተር የሆኑበት ክበብ በተግባር የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሥራው መልካም ቢሆን እንኳ እንደ አባል የሚኖርዎት ድምፅ ጥቂት ነው።

ሒሳቡን ሲመለከቱ የሚከተሉትን ይጠይቁ፤ የባንክ ሒሳቡ በክበቡ ስም መከፈቱን፣ ገንዘብ የሚወጣው ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ መዋጮ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ መሰጠቱን፣ ያለፈው ዓመት ገቢና ወጪ ለጠቅላላ ጉባኤው ቀርቦ በቃለ ጉባኤ መያዙን። በአዋጅ 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። አንድ አነስተኛ የከተማ ክበብ ግን ከዚህም በጣም ባነሰ ወጪ መሥራት አለበት፤ ቢሮ ተከራይቶ፣ ባነር አሳትሞ፣ ለአባላቱ በየዓመቱ አዲስ ቲሸርት አሰፍቶ ለልጆች የሚደርሰው ገንዘብ ካነሰ ልብ ይበሉ።

በመጨረሻም የሕፃናት ደኅንነት ደንብ እንዳለው ይጠይቁ። «እኛ እርስ በርሳችን ስለምንተዋወቅ አያስፈልገንም» የሚል መልስ ከተሰጠዎ፣ ለእኔ ይህ ከሒሳብ ጉድለት የከፋ ምልክት ነው።

5. በእንግድነት ይገኙ

ከመመዝገብዎ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ስብሰባ በእንግድነት ለመገኘት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከተቻለም አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር በሚካሄድ ሥራ ላይ ይታዘቡ። በስብሰባው ላይ ሴቶችና ወጣት አባላት ሐሳብ ሲያቀርቡ ይደመጡ እንደሆነ፣ ስለ ልጆቹ ሲወራ በስማቸውና በጉዳያቸው ይታወቁ እንደሆነ ወይስ «ድሆቹ ልጆች» ተብለው ብቻ ይታለፉ እንደሆነ ያስተውሉ። ያለፈው ስብሰባ ውሳኔ መፈጸም አለመፈጸሙ ከተነበበ ክበቡ ሕያው ነው።

6. ማመልከቻዎን ያስገቡ

አብዛኞቹ ክበቦች የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የሚያውቅዎት አባል ምስክርነትና በአንድ ገጽ የተጻፈ ማመልከቻ ይጠይቃሉ። ከልጆች ጋር በቅርበት ለሚሠራ አባል ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከፖሊስ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ክበብ ካጋጠመዎ ጥርጣሬ አድርገው አይውሰዱት፤ ጥሩ ጥንቃቄ ነው። ማመልከቻው አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። ለምሳሌ ያህል፦

«ጉዳዩ፦ የአባልነት ጥያቄን ይመለከታል። ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ በክበባችሁ ስብሰባዎች ላይ በእንግድነት ተገኝቼ የምትሠሩትን ሥራ ስለተመለከትሁ በአባልነት እንድትቀበሉኝ እጠይቃለሁ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ሲሆን፣ በየወሩ ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመገኘትና የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ለመጠገን እችላለሁ። በገናና በጥምቀት ሰሞን ግን ሥራ ስለሚበዛብኝ አልገኝም። የመተዳደሪያ ደንቡንና የሕፃናት ደኅንነት ደንቡን አንብቤ ተቀብያለሁ። ከሠላምታ ጋር።»

በዚህ ማመልከቻ ላይ የማይገኙበት ጊዜ በግልጽ መጻፉ ድክመት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስብሰባ የመራ ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል። የመመዝገቢያና የወር መዋጮ ሲከፍሉ ደረሰኝ መቀበልዎን አይርሱ። መዋጮው ከአቅምዎ በላይ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይናገሩ፤ በብዙ ክበቦች በጉልበትና በሙያ የሚያገለግል አባል በአነስተኛ መዋጮ ይታለፋል፤ ይህ ከሌለም መጠየቅ አያስነውርም።

7. የሕፃናት ደኅንነት ደንብን ይማሩ

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ መሆን እንዳለበት፣ በትምህርት ቤትና በመሰል ተቋማት ሕፃናት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸው ተደንግጓል። ከዚህ የሚከተሉት የዕለት ተዕለት ደንቦች ቀላል ይመስላሉ፤ የሚከብዱት ሲፈጸሙ ነው።

አንድ ጎልማሳ አባል ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይሁን፤ ጥናትም ሆነ ምክር ሌላ ሰው በሚያይበት ቦታ ይካሄድ። ልጅን ወደ ቤትዎ አይጋብዙ፤ ለብቻው ስጦታ ወይም ገንዘብ አይስጡ፤ ስልክ ቁጥርዎን ለልጁ ሳይሆን ለአሳዳጊው ይስጡ። ርዳታ ሲሰጥ በተሰለፈ ሕዝብ ፊት ስም እየተጠራ አይሁን፤ ደብተርና የደንብ ልብስ በትምህርት ቤቱ በኩል፣ ልጁ ከጓደኞቹ ሳይለይ እንዲደርሰው ማድረግ ይቻላል። ፎቶግራፍን በተመለከተ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ፈቃዱ ከተገኘም በኋላ «ይህ ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ሲደርስ ይህን ምስል የክፍል ጓደኞቹ ቢያዩት ምን ይሰማዋል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ወላጅ ርዳታ እየተቀበለ ሳለ ለፎቶግራፍ እምቢ ማለት ስለሚከብደው፣ በእኔ ግምት የልጁን ፊት ጨርሶ አለማሳየት ይሻላል።

የምግብም ጉዳይ አለ። በጾም ቀን ወተት ያለበት ብስኩት ይዞ መሄድ ልጁን ከእናቱ ጋር ያጋጨዋል፤ ሙስሊም ልጆች ባሉበት ቦታም ሥጋው በማን እንደታረደና ረመዳን መቼ እንደሚገባ ይታወቅ። እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ ክበብ በሠፈሩ ዘንድ ይታመናል።

ልጅ አንድ ከባድ ነገር ሲነግርዎ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። በእርጋታ ያዳምጡ፤ ጥያቄ እየደረደሩ አይመርምሩት፤ የነገረዎትን በራሱ ቃል በዚያው ቀን ይጻፉ፤ ከዚያም ክበቡ ለዚህ ለመደበው ሰው ያሳውቁ። ጥቃት የተፈጸመ እንደሆነ ጉዳዩ የፖሊስ፣ የጤና ተቋምና የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው እንጂ የክበቡ ሽምግልና አይደለም፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ እርቅ ማውረድ ልጁን ለዳግም ጥቃት አሳልፎ መስጠት ነው።

በአካባቢያችን በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሲሆን፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን በሚያገባ ላይ የእስራት ቅጣት ይደነግጋል፤ ልጅቱ ዕድሜዋ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። የሠርግ ወቅት ከዓቢይ ጾም በፊት በጥር፣ ከፋሲካም በኋላ ስለሆነ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ አንዲት የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በድንገት መቅረት ስትጀምር፣ ወይም ዝም ባይ ስትሆን የሚያስተውል አባል ትልቅ ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ አባሉ ብቻውን ወደ ቤቷ ሄዶ ከአባቷ ጋር አይከራከር፤ ይህን ማድረግ ሠርጉን ወደ ሌላ ቀበሌ ያሸሸዋል። ለርእሰ መምህሩና ለጽሕፈት ቤቱ በጸጥታ ያሳውቅ፤ ቤተሰቡ የሚያከብራቸው የንስሐ አባት ወይም የሠፈር ሽማግሌ ካሉ እነርሱ ቀርበው ጋብቻው እንዲቀር ያነጋግሩ።

8. በትንሽና በሚደጋገም ሥራ ይጀምሩ

አዲስ አባል የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ሥራ ላይ ቢቆይ መልካም ነው። በጎጃም ከተሞች እምብዛም ትኩረት ያላገኙ ሁለት የልጆች ወገኖች አሉ፤ በእነዚህ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

የመጀመሪያዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። ከሠፈራቸው ከፍ ያለ ክፍል ስለሌለ ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዱና እሑድ ማታ እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ረቡዕና ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ወላጅ ስላላቸው «ችግረኛ ልጅ» በሚለው መዝገብ ውስጥ አይገቡም፤ ነገር ግን በ14 ዓመታቸው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ልጆች ናቸው። ለእነዚህ ልጆች አንድ ክበብ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሊሠራ የሚችለው ነገር አለ፤ ማታ ማታ መብራት ያለበት የማጥኛ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ማስፈቀድ፣ የሴት ልጆች የኪራይ ክፍል በር ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ከአከራዩ ጋር መነጋገር፣ በየሳምንቱ አንድ አባል በሩን አንኳኩቶ «እንዴት ሰነበታችሁ» እንዲል ተራ ማውጣት። ለሴቶቹ ልጆች የወር አበባ መጠበቂያ በሴት መምህር በኩል ማድረስም ከክፍል መቅረትን ይቀንሳል።

ሁለተኛዎቹ የአብነት ተማሪዎች ናቸው። ጎጃም ከዋሸራ እስከ ዲማና ደብረ ኤልያስ የቅኔና የሌሎችም የአብነት ትምህርቶች አገር ስለሆነች፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉ ልጆችን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁራሽ መለመን በዚህ ትምህርት ቤት የሥርዓቱ አካል እንጂ የመንገድ ተዳዳሪነት ስላልሆነ፣ ልጁን «ከልመና ለማውጣት» የሚነሣ ክበብ ልጁንም የኔታንም ያስቀይማል። መጀመሪያ ወደ የኔታ ሄዶ ፈቃድ መጠየቅና የጎደለውን ከእርሳቸው አፍ መስማት ተገቢ ነው። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ ውኃና ለቆዳ በሽታ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ የጤና ባለሙያ የሆነ አባል በወር አንድ ቀን ጎጆዎቹን ቢጎበኝ ሌላው ሁሉ ይከተላል።

ከእነዚህ ውጭ የሊስትሮ ሥራ የሚሠሩ፣ ከዘመድ ቤት በሠራተኛነት የሚኖሩ፣ ወላጆቻቸውን በሞት ያጡ ልጆች አሉ። ወላጅ ያጣ ልጅ አያት ወይም አክስት ካለው እነርሱን መደገፍ ልጁን ወደ ማሳደጊያ ከማስገባት ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቋርጠው ስለቆዩ፣ ከዕድሜያቸው በታች በሆነ ክፍል የሚቀመጡ ልጆች ያጋጥሙዎታል፤ ለእነዚህ የሚዘጋጅ የማጠናከሪያ ትምህርት ከትንንሾቹ ተለይቶ ቢሰጥ ከማፈር ይድናሉ። ከከተማ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ከሚኖሩ ሰዎች ይጠይቁ፤ ብቻዎን አይሂዱ፤ በዕለቱ ለመመለስ የማይመች ጉዞ ከሆነም ይለፍዎ።

9. ክበብ ከሌለ

በሚኖሩበት ወረዳ ክበብ ካላገኙ አዲስ ለማቋቋም አይቸኩሉ። አስቀድመው ያለውን እድር ወይም የሥራ ባልደረቦችዎን ይዘው ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ዓመት ይሥሩ። ከዓመቱ በኋላ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ጽኑ ሰዎች ከቀሩ ደንብ ጽፎ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ወደ ምዝገባ መሄድ ይቻላል። ደንቡን ለመጻፍ ከአጎራባች ከተማ ክበብ የአንዱን ቅጂ ለምኖ ማሻሻል፣ ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ጊዜ ይቆጥባል።

10. የሚቀሩበትና የሚለቁበት ሥርዓት

ዝውውር፣ ወሊድ፣ ሕመም፣ ትምህርት ማንንም ያጋጥማል፤ ከክበብ መልቀቅ ነውር አይደለም። የሚያስከፋው አለቃቀቁ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚቀሩ ከሆነ ተተኪ ይላኩ፤ ልጆቹም ከእርስዎ አፍ አስቀድመው ይስሙ። ለዘለቄታው የሚለቁ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቁና ተተኪዎን ይዘው ሁለት ጊዜ ከልጆቹ ጋር ይገናኙ፤ ለልጆቹ «እመለሳለሁ» አይበሉ፤ የሚመለሱ ካልሆኑ እርሱን ይንገሯቸው። በእጅዎ ያለውን የደረሰኝ ጥራዝ፣ ቁልፍ፣ የልጆቹን ስምና አድራሻ የያዘ መዝገብ በዝርዝር ያስረክቡ፤ በስልክዎ ላይ ያሉ የልጆች ምስሎችንም ያጥፉ። በማስረከቢያ ቅጹ ላይ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንዱ ቅጂ ከክበቡ ጸሐፊ ዘንድ፣ ሌላው ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።